የተሰበረው አልሞግና የአባባ ተፈራ ወንበር

አቪያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ፣ ሊፍቱ ሁልጊዜ ከሚበላሽበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዛሬ ተቀምጬ ነው የምነግራችሁ ልጆቼ፤ ሳምንቱን ሙሉ ፋብሪካ ቆሜ እግሬ አልቋል። ቶመር፣ አንተም አርፈህ ተቀመጥ። ቤሰደር? እሺ?

የአቪያ አባት መንገሻ ያቭኔ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ይሠራል። ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ይገባና፣ ከመተኛቱ በፊት አክዋሪዩሙ፣ ማለትም ጨዋማ ውኃ የሞላበት የመስታወት ሣጥኑ ፊት ይቆማል። እዚያ ውስጥ አልሞግ አለው። አልሞግ ታውቃላችሁ? ድንጋይ ይመስላል፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ግን ሕይወት ያለው የባሕር ፍጥረት ነው። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ጫፉ ሮዝ፣ ትልቁ ደግሞ ሐምራዊ። ሐምራዊውን መንገሻ ከገዴራ ሲያመጣው ጥፍር የሚያህል ነበር። ውኃ በሞላ ከረጢት ጭኑ ላይ ይዞ፣ በአውቶቡስ ነው ያመጣው። እንዲህ ትልቅ ለመሆን ዓመታት ፈጀበት።

«ማንም እጁን እንዳይከት» ይላል መንገሻ። «ሲነኩት ይሰበራል።»

የመንገሻ አባት አባባ ተፈራም አብረው ይኖራሉ። ወንበራቸውን አክዋሪዩሙ ፊት አድርገው ሲያዩት ይውላሉ። ጉልበታቸው ስለደከመ ደረጃውን አይወርዱም። አንዳንድ ጊዜም ይረሳሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው «መነጽሬን አምጪ» ይላሉ። አትሳቁ፣ እናንተም ታረጃላችሁ።

አንድ ዓርብ ምን ሆነ መሰላችሁ? ጓደኛዋ አጋም «የእናንተ አልሞግ ፕላስቲክ ነው» ብላት፣ አቪያ ተናዳ ወደ ቤት ገባች። እናቷ ለሰንበት ገበያ ወጥታለች። አባቷ ተኝቷል። አባባ ተፈራ ወንበራቸው ላይ አሸልበዋል።

«ትንሽ ጫፍ ብቻ፣ ለአጋም ማሳያ» አለች በልቧ። በርጩማ ላይ ወጥታ እጇን ከተተች። ቀጭ! ጫፉ ብቻ መሰላችሁ? ትልቁ ሐምራዊ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ እጇ ላይ ቀረ። ወይኔ!

ብርጭቆ ውስጥ ከታ፣ የቧንቧ ውኃና የወጥ ጨው ጨምራ፣ አልጋዋ ሥር ደበቀችው።

አባቷ ተነሥቶ አየ። «ማነው የነካው?»

አቪያ ወለል ወለሉን አየች። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ አይገሠጽም፤ ይህን ታውቃለች። አባባን ማን ይቆጣል? ማንም አይጎዳም ብላ፣ «አባባ ናቸው» አለች።

እውነትም መንገሻ ድምፁን አላነሣም። «ምንም አይደል አባዬ» ብሎ ድክም ብሎት ቁጭ አለ። አባባ ተፈራ ግን እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩ።

«እኔ ነኝ? እኔኮ አላስታውስም» አሉ። ቀስ ብለው ተነሡና ወንበራቸውን ጎትተው ወደ ግድግዳው አዞሩት።

ሲመሽ ሰንበት ገባና የሰንበቱ ዳቦ ቀረበ። ባርከው የሚቆርሱት ሁልጊዜ አባባ ናቸው። ያን ቀን ዳቦውን ወደ ልጃቸው ገፉት።

«አንተ ቁረስ። እኔ ከእንግዲህ እጄን አላምነውም። አእምሮዬ እየሸሸኝ ነው መሰለኝ፤ ያጠፋሁትን እንኳ አላውቅም።»

አቪያ ቀና ብላ አባባን አየቻቸው። አባባ ፈርተው ነበር ልጆች፤ በእሷ ውሸት ምክንያት ራሳቸውን ፈርተው ነበር።

«አባባ፣ እርስዎ አይደሉም!» ብላ ጮኸች። «እኔ ነኝ የሰበርኩት! እርስዎ ተኝተው ነበር!»

ሮጣ ብርጭቆውን አመጣች። ውኃው ደፍርሷል፤ ቅርንጫፉ ቀለሙ ለቆ ነጥቷል።

መንገሻ ፊቱ ጠቆረ። «ይሄስ ሞቷል» አለ። «ግንዱ ደኅና ነው፣ ቀስ ብሎ ሌላ ያወጣል። እኔን የከፋኝ በአባቴ ላይ ያደረግሽው ነው።»

አባባ ተፈራ ግን ይህን ሁሉ አልሰሙም። «እኔ አይደለሁም? እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» ብላ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

«ተመስገን! ደኅና ነኛ!» አሉ፤ እንባቸው ወረደ። «ተነሽ ልጄ። ዳቦውን ወዲህ በሉ።» ባርከው ቆረሱና የመጀመሪያውን ቁራሽ ለአቪያ ሰጧት። እያለቀሰች በላችው።

በማግሥቱ ወንበሩን አቪያ ራሷ እየጎተተች አክዋሪዩሙ ፊት መለሰችው። ከባድ ነበር፤ ማንም አላገዛትም። አጋም እስከ ዛሬ «ፕላስቲክ ነው» ትላለች። ትበል!

ልጆቼ፣ ጥፋታችሁን ዝም በሚል ሰው ላይ አትጫኑ፤ ማንም ባይቆጣውም ሸክሙ እሱን ይከብደዋል።