ውሳኔው ያንቺ ነው

በዶሃ፣ አል ሂላል ሰፈር፣ ከአንድ ላውንደሪ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ጥላዬንና ካሳነሽን የሚያውቅ ሐበሻ ሁሉ ትዳራቸውን ይመርቅላቸው ነበር። ጥላዬ ሉሰይል በሚገኝ አንድ ሆቴል ጥበቃ ነው፤ ሲሰድቡት እንኳ ፈገግ የሚል ዝምተኛ ሰው። ካሳነሽ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል ረዳት ናት። ቃለአብ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ታዲያ ካሳነሽ ረዳት ሆና መቅረትን አልወደደችም። ከአዲስ አበባ በሶሲዮሎጂ ዲግሪ ይዛ የመጣች ሴት ዕድሜዋን የሰው ልጅ አፍንጫ ስትጠርግ ልትፈጀው ነው እንዴ? በፈረንጆቹ 2015 መስከረም ላይ፣ ባሏን አሳምና፣ ባሕር ማዶ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ማስተርስ በኦንላይን ጀመረች። «የተቸገረ ሰው ሲናገር የሚሰማው የለም፤ እኔ እሰማዋለሁ» ትል ነበር። እሰማዋለሁ! እግዚኦ... ሰው በገዛ አፉ የተናገረው ቃል ዞሮ እንዲህ ይወጋዋል?

ካሳነሽ አንዲት እህት ነበረቻት፤ ኤልሻዳይ። በአሥር ዓመት ታንሳታለች። አባታቸው የሞተው ኤልሻዳይ ገና ዳዴ ስትል ነበርና፣ ወልዲያ ያለችው እናታቸው ወይዘሮ ዘነቡ ገበያ ስትውል ሕፃኗን ያዘለቻት፣ ያጠበቻት፣ ፊደል ያስቆጠረቻት ካሳነሽ ናት። ኤልሻዳይም እህቷን በስሟ ጠርታት አታውቅም። «እትዬ» ነው የምትላት፤ እትዬ ያለችው ደግሞ አለቀ፣ ሕግ ነው። ዶሃም የመጣችው እትዬ ነይ ስላለቻት ነው። አል አዚዚያ ውስጥ በአንድ ቪላ የቤት ሠራተኛ ሆና ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። ዕረፍቷ ዓርብ ብቻ ናት፤ ዶሃ ውስጥ ቅዳሴውም ያን ቀን ነው። ያቺን አንዲት ቀን ደግሞ ለእህቷ ሰጠቻት። ጥላዬ ዓርብ ዓርብ ሥራ ይገባል፤ ካሳነሽ ከላፕቶፗ ፊት ተቀምጣ ትምህርቷን ስትከታተል ቃለአብን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋል። ጓደኞቿ ነጠላቸውን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ኤልሻዳይ አል ሂላል መጥታ ልጅ ታጥባለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ልብስ ታጥፋለች። «አንቺ ልጅ፣ መሳለሙንም ተውሽው?» ሲሏት ትስቃለች። «እትዬ ስትመረቅ አብረን እንሳለማለን» ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ!

በ2017 መገባደጃ ላይ ኤልሻዳይ የላውንደሪውን ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቆማ ግድግዳ መደገፍ ጀመረች። ካሳነሽ አይታታለች። እግሯ ማበጡንም አይታለች። ምን አለቻት መሰላችሁ? «ወፈርሽ እኮ! የማዳም ቤት ተስማማሽ!» አለቻትና ሁለቱም ሳቁ። መወፈር በእኛ ዘንድ ምርቃት አይደል? በሽታም በምርቃት ተሸፍኖ አለፈ።

በዚያው ሰሞን ካሳነሽን አንድ ከባድ ሥራ ይዟት ነበር። የማስተርስ ተማሪ ከአንድ ችግረኛ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራትና የተነጋገሩትን ቃል በቃል መጻፍ አለበት። ወረቀቱ ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ በኩል የተነገረው፣ በቀኝ በኩል ተማሪው በዚያች ደቂቃ ልቡ ውስጥ የነበረው ይሰፍራል። ካሳነሽ ቀጠሮ የያዘችው ዘሐራ ከምትባል የቤት ሠራተኛ ጋር ነበር። ዘሐራ ግን ዓርብ ጠዋት ደውላ «ማዳም እንግዳ አለባት፣ ኸላስ አልወጣም» አለቻት። ጽሑፉ የሚገባው እሑድ ነው። ካሳነሽ ራሷን ይዛ ተቀምጣ ሳለ ኤልሻዳይ ከወጥ ቤት እጇን እያደራረቀች ብቅ አለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ ነበር። ሥራ ከያዝሽ ይቆይ።»

የካሳነሽ ዓይን ወደ ላፕቶፑ ሄደ። የዘመድን ችግር ለዚህ ሥራ ማዋል ክልክል መሆኑን ታውቃለች። ታውቃለች! ግን ስሙን ብትለውጠው ማን ያያል?

«ቁጭ በይ» አለቻት። «የምትነግሪኝን ብጽፈው ቅር ይልሻል? ለትምህርቴ ነው፤ ስምሽ አይጠራም።»

«ኧረ ምን ቅር ይለኛል! ይጠቅምሻል?» አለች ኤልሻዳይ፣ ፊቷ በደስታ በርቶ።

እንዲህም ስትል ተናገረች፦ «ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ጋደም ስል ያፍነኛል፤ ሦስት ትራስ ደርድሬ ነው የምተኛው። እግሬንም ስጫነው ይኸው ጣቴ ይሰምጣል። ልታከም ብዬ አሰብኩ። ግን የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ሊታደስ ሁለት ወር ነው የቀረው። በሽተኛ ናት ብለው ቢሸኙኝስ? ሂጂ ካልሽኝ ነገ ለማዳም እነግራታለሁ። ቆዪ ካልሽኝም እቆያለሁ። አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው።»

«አንቺ ልጅ አብደሻል? ያላ ተነሺ፣ አሁኑኑ እንሄዳለን!» የሚለው ቃል ካሳነሽ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ደርሶ ነበር፣ ወገኖቼ! ግን ሁለት ዓመት የተማረችው ሌላ ነው። ባለጉዳይን አትምከሪ፣ አትወስኚላት፣ መንገዱን ራሷ ታግኘው... ትምህርቱ ሐሰት አልነበረም፤ በቦታው ቢሆን መልካም ነው። ካሳነሽ ግን ያዘለቻትን ልጅ ባለጉዳይ አድርጋ ከፊቷ አስቀመጠቻት።

«አንቺ ምን ይመስልሻል?» አለቻት፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል።

ኤልሻዳይ ግራ ተጋባች። «እኔማ... አንቺ ካልሽ...»

«ውሳኔው ያንቺ ነው፣ ኤልሹ።»

ረጅም ዝምታ ሆነ። ኤልሻዳይ ቀሚሷን በእጇ አስተካከለች። «እሺ፣ እትዬ» አለች። ተነሥታም ቃለአብን ልታጥብ ሄደች። ካሳነሽ ዝምታውንም ጻፈችው፤ ዝምታም ይጻፋል ተብላ ተምራለችና።

ወደ አል አዚዚያ ስትመለስ፣ በታክሲው መስኮት ጥግ ሆና እንባዋን የምትጠርገው ልጅ ምን እያሰበች እንደነበር ማን ነገራት ለካሳነሽ? በእኛ ሀገር «እንደወደድሽ» የሚል ቃል ከታላቅ አፍ ሲወጣ ፈቃድ አይደለም፤ ኩርፊያ ነው፣ እጅ መታጠብ ነው። ኤልሻዳይ የሰማችው ይህንኑ ነው። «እትዬ ሂጂ ለማለት ከበዳት» ስትል አሰበች። «እውነቷን ነው። እኔ ብሸኝ ዓርብ ቃለአብን ማን ይይዝላታል? ለመመረቅ የቀራት ጥቂት ወር ነው። ይቺን ታህል ብታገሥ ምን እሆናለሁ?» ስለ እህቷ ስትል ቆየች። ቆዪ ያላት ሰው ግን አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ የጽሑፉ ውጤት መጣ። ሙሉ ነጥብ! መምህርቷ ከታች እንዲህ ስትል ጽፋ ነበር፦ «ራስሽን መግታትሽ የበሰለ ባለሙያ መሆንሽን ያሳያል። ለመሆኑ ይህቺ ሴት ሐኪም ቤት ሄደች?» ካሳነሽ ደስታዋን ለጥላዬ ደውላ ነገረችው። ለጥያቄው መልስ ዓርብ ኤልሻዳይን ጠይቄ እጽፋለሁ ብላ አሳደረችው።

ረቡዕ ጠዋት ኤልሻዳይ የቪላውን ደረጃ ስትወለውል ወደቀች።

ካሳነሽ ሆስፒታል ስትደርስ ማዳም በኮሪደሩ ላይ በአባያዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና ትንሰቀሰቅ ነበር። «ለምን አልነገረችኝም?» አለች በዐረብኛ፣ የካሳነሽን እጅ ይዛ። «ልጆቼን ያሳደገችልኝን ልጅ አመመኝ ስላለች አባርራታለሁ? ወላህ፣ እኔ ራሴ ይዣት እሄድ ነበር!» ሐኪሙ ሱዳናዊ ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የልቧ ቫልቭ እየጠበበ መምጣቱን ቀስ ብሎ አስረዳት። «ባለፈው ወር ብትመጣ እንኳ...» ብሎ ቀሪውን ተወው። ባለፈው ወር! ካሳነሽ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው።

ኤልሻዳይ ሁለት ቀን ቆየች። ዓርብ ረፋድ ላይ ዓይኗን ገለጠች።

«እትዬ... ያ ጽሑፍ አለፈ?»

«አለፈ» አለች ካሳነሽ፣ እጇን ጨብጣ። «ኤልሹ፣ ይቅር በይኝ። እኔ እኮ...»

«እሰይ» አለች ኤልሻዳይ፣ የቀረውን ሳትሰማ። «ዛሬ ዓርብ አይደል? ቃለአብን... ማን ያዘልሽ?»

ከዚህ በኋላ አልተናገረችም። ከቀትር በፊት፣ ነጠላ የለበሱት ጓደኞቿ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ፣ በሃያ አምስት ዓመቷ አረፈች። ሞት ጨካኙ! ከሰባት ቀን አንዲቱን እንኳ ለራሷ ሳትኖራት የሄደችን ልጅ ምን ብሎ መቅበር ይቻላል?

አስከሬኑ ወልዲያ ገባ። ካሳነሽ ቀብሩ ላይ ፊቷን ነጨች፣ ከመሬት ተላተመች፤ ለቀስተኛው ሁሉ የእህት ፍቅር ነው አለ። ወይዘሮ ዘነቡ ለሚመጣው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ትደጋግም ነበር። «ብቻዋን አልሞተችብኝም፤ እህቷ አጠገቧ ነበረች። ተመስገን።» እናቲቱ ይህን በተናገረች ቁጥር ካሳነሽ ከድንኳኑ ወጥታ ለለቀስተኛው ውኃ ትቀዳለች። እውነቱን ሳትነግራት ቀናቱ አለፉ። ስትሰናበትም እናቷ «ትምህርቱን እንዳትተዪው፤ ልጄ የደከመችበት ነው» አለቻት። ከዚህ የበለጠ ቅጣት አለ?

ጨረሰችው። በ2018 ሰኔ ላይ ስሟ በላፕቶፑ ውስጥ ሲጠራ ጥላዬ አጨበጨበ፤ እሷ ግን ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ቃለአብ አሁንም ዓርብ ጠዋት በሩ ሥር ይቀመጣል። ጥላዬ ሥራ ከመግባቱ በፊት ልጁን ያነሣውና መናፈሻ ይወስደዋል። አንድ ቀን ግን ሚስቱን «ካሳነሽ፣ ሂጂና ለእናትሽ ንገሪያት። እዚህ ውስጥ የምናልቀው ሦስታችንም ነን» አላት። ለእሱ ገና ድሮ ነግራው ነበር።

ክረምቱ ላይ ወልዲያ ሄደች። ወይዘሮ ዘነቡ ዲግሪውን በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው። ካሳነሽ ግን ሌላ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣችና ከእናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። «እማዬ፣ ኤልሹ ስትታመም ነግራኝ ነበር። የተናገረችው እዚህ ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ ልተርጉምልሽ» አለቻት። ካሳነሽ ትንፋሹን፣ ትራሱን፣ እግሩን፣ ኢቃማውን አንድ በአንድ እየተረጎመች አነበበች። «አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው» ከሚለው ስትደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው።

«እና ምን አልሻት?» አለች ወይዘሮ ዘነቡ።

«አንቺ ምን ይመስልሻል አልኳት። ውሳኔው ያንቺ ነው አልኳት።»

«በዚያኛው በኩልስ ምን ይላል?» አለች እናቲቱ፣ ለሁለት የተከፈለውን ወረቀት በጣቷ እያመለከተች።

ካሳነሽ በቀኝ በኩል የጻፈችውን አየች። ሙሉ ነጥብ ያገኘችው በዚህ ነው። «"ተነሺ ሂጂ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ራሴን ገታሁ" ይላል» አለችና በግንባሯ መሬት ላይ ተደፋች። «እኔ ነኝ የገደልኳት፣ እማዬ! እርገሚኝ! እርገሚኝና ልረፍ!»

ከቆርቆሮው የሚወርደው ዝናብ ብቻ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ወይዘሮ ዘነቡ፣ ሰው እንዳይሰማት የምትፈራ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«እኔንም ጠይቃኝ ነበር።»

ካሳነሽ ቀና አለች።

«በዚያው ሳምንት ደውላ፣ "እማዬ ያመኛል፣ ምን ላድርግ?" አለችኝ። "እኔ መሃይም ምን አውቃለሁ" አልኳት። "የተማረችው እህትሽ ናት፤ ሂጂና እሷን ጠይቂ፣ ያለችሽን አድርጊ" አልኳት። ይኸው ስንት ወር ሆነኝ... እህቷ አጠገቧ ነበረች እያልኩ ሰው ፊት የምለፈልፈው ይህንን እንዳልናገር ነው። አንቺን ምን ብዬ ልርገምሽ፣ ልጄ? እኔስ ማን ይርገመኝ?»

እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። ሁለቱም ለየብቻ ተሸክመውት የኖሩትን፣ አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው አለቀሱለት። ጎረቤት ድምፅ ሰምቶ መጣ፤ አዲስ መርዶ መስሎት ደረቱን እየመታ ገባ።

ሰው ዕጣዋ ነው ይላል፤ የእግዜር ቁርጥ ነው ይላል። ይሆናል፤ እኛ ምን እናውቃለን? ግን አንዲት ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰው ጠየቀች፤ ሁለቱም ከነፍሳቸው ይወዷታል። አንዷ የማላውቅ ነኝ ብላ ወደ ሌላዋ ላከቻት፤ ሌላዋ የማውቅ ነኝ ብላ ወደ ራሷ መለሰቻት። ያቺ ልጅ ከሁለቱም የፈለገችው «ተነሺ» የሚል አንድ ቃል ነበር።