ከፈረቃ ውጭ የበራው ቤት

«አሁን ነው የምትመጡ?» አሉ ወይዘሮ ሰርካለም፣ የለቅሶውን ድንኳን ምሰሶ ይዘው እንደቆሙ። «ሦስት ገና ዓይናችን መንገድ መንገዱን ሲያይ አለፈ። ሰውየው ከሞተ በኋላ ካሜራ አንጠልጥላችሁ ከች አላችሁ?»

ኢንስፔክተር እስከዳር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ካሜራ ቁልቁል አየችው። የፖሊስ ካሜራ ነበር፤ ካሜራ ግን የማን እንደሆነ በግንባሩ አይጻፍበትም። ለለቅሶ ቤት ብላ የደንብ ልብሷን ትታ ነጠላ አዘቅዝቃ መምጣቷም አልረዳትም።

«እናቴ፣ እኔ እኮ…»

«ጋዜጠኛችሁ ትንሣኤ ድሮ በየዓመቱ ይመጣ ነበር። የደጅይጥኑ ቤት ዘንድሮም ደምቋል ሲል ሰቆጣ በሙሉ ይሰማዋል። አሁን የምታወሩት ስብሰባ ብቻ። ስብሰባ ደግሞ ብልጭ ድርግም አይል።»

ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ሳል የመሰለ ነገር ዋጠ።

«ከፖሊስ ነኝ፣ እናቴ። ያስጠሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ወይዘሮ ሰርካለም ጥቂት አዩዋትና ከመንገዷ ዞር አሉ። «እንዲያ ከሆነ ግቢ። የሬዲዮ ሰው መስለሽኝ ነው። ለነሱ ያጠራቀምሁትን ባንቺ ላይ አራገፍሁት።»

የወይዘሮ ሰርካለምና የሟቹ ባለቤታቸው የአቶ ደጅይጥኑ ቤት ከገበያው በላይ ባለው ተረተር ላይ ነው። ገና በመጣ ቁጥር ጣራውና ክፈፉ ባለቀለም መብራት ለብሶ ከሩቅ ይታይ ነበር። የመጀመሪያውን መብራት ከወልድያ ገዝቶ የላከው አንድ ልጃቸው ምንይሉ ነው። የአካባቢው ሬዲዮ መጥቶ ካወራለት በኋላ ነገሩ እንደ ጉንፋን ተዛመተ፤ ሰፈሩ በሙሉ ጣራ ላይ ወጣ። የጎን ጎረቤታቸው ባለ ሆቴሉ ጋሼ ደሞዝም በአጥሩ ላይ መስመር አሳልፈው ሁለቱን ቤት በአንድ መብራት አያያዙት። ከዚያ አንድ ዓመት ጋሼ ደሞዝ ማይክሮፎኑን ቀድመው ያዙና «ይህን ሥራ የጀመርነው እኛ ነን» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም። ሁለት ሽማግሌ በአምፖል ተኳርፈው ሲኖሩ ማየት ለሰፈሩ ከመብራቱ የበለጠ ትርኢት ነበር።

የሬዲዮው ሰዎች እያደር ተመናመኑ። የቀረው ትንሣኤ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ስብሰባ ዋጠው። ወሬ ነጋሪ ሲጠፋ ሰፈሩ ከጣራው ወረደ። አቶ ደጅይጥኑ ግን አልወረዱም። ምንይሉ በዚያ በክፉው ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል፤ ሞተ ያለ የለ፣ አለ ያለ የለ። አባትየው «ሬዲዮው የቤታችንን ስም ይጥራ እንጂ፣ የትም ቢሆን ልጄ ይሰማል» እያሉ በየገናው መሰላል ላይ ይወጡ ነበር።

በገሃድ ዕለት፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ሰው ለዋዜማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሳለ፣ ከዚያው መሰላል ሥር ሞተው ተገኙ። ሆስፒታሉ በሁለቱም መዳፋቸው ላይ የኤሌክትሪክ ቃጠሎ አገኘ። ግራ ያጋባው ይህ ነበር፤ በዚያ ሰሞን መብራት በፈረቃ ነውና ያ ቀን የሰፈሩ አልነበረም። ሆኖም ወደ ዋዜማ ዘግይተው ይወጡ የነበሩ ሴቶች፣ በጨለመው ሰፈር መካከል የደጅይጥኑ ቤት ብቻውን ቦግ ብሎ ወዲያው ድርግም ሲል ከሩቅ አይተዋል።

«ምንይሉ አባቱን ሊወስድ መጣ» አሉ ፈሪዎቹ፤ ከዚያም ወዲህ ሲመሽ በዚያ ደጅ የሚያልፍ ጠፋ። ደፋሮቹ የባሰውን አሉ። ሽማግሌው ተስፋ ቆርጠው፣ ራቁት ሽቦ ጨብጠው፣ መብራት እስኪመጣ ጠበቁ አሉ። ያን ቀን ከሰዓት «ዘንድሮም ካልመጡ አላበራም፤ በቃኝ» ማለታቸውን ሁሉም ሰምቷል። ይችን «በቃኝ» ሰፈሩ አንስቶ መገነዣ አደረጋት።

ቄስ ገብረ ሊባኖስም «ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም። ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁት» አሉ። ሬሳው ሆስፒታል ሆኖ ፍርድ ይጠብቃል።

ወይዘሮ ሰርካለም እስከዳርን ወደ ጓዳ ሳብ አደረጓት። «ምንይሉን አልቀበርሁትም። ይህን እንኳ እንደ ክርስቲያን ልቅበረው። ሌላ አልለምንሽም።»

እስከዳር የአምደወርቅ ከተማ ልጅ ናት። «እኛ መብራት ስናይ አንደነቅም፤ ሽቦው ከየት እንደመጣ ነው የምንጠይቀው» ትላለች ስትቀልድ። ሳትቀልድም የምታደርገው ይህንኑ ነው። ወደ ግቢ ወጣች።

የብረቱ መሰላል እንደተደገፈ ነው። የመብራቱ ግማሽ ከክፈፉ ወርዶ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ ጆንያ ውስጥ ገብቷል። ግማሹ እንደተሰቀለ ቀርቷል። መካከሉ ላይ፣ ከአንድ የቆርቆሮ ኮከብ አጠገብ፣ የመጋጠሚያው ፕላስተር ተልጦ ሁለት ራቁት ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል።

«ኮከቡንስ ማን ሠራው?»

«እሱ ነው፤ ገሃድ ዕለት ጠዋት ነው የሰቀለው» አሉ ወይዘሮ ሰርካለም። «ከውስጡ ሰማያዊ አምፖል ከቶበታል። ሲበራ እኔም አላየሁት።»

በመስኮቱ ደፍ ላይ የመብራቱ ስፒና ከሶኬቱ ተነቅሎ፣ ገመዱ በላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል።

«ይህንስ?»

«እሱ ነዋ። የሰፈሩ ሰው ፈረቃውን አምኖ በባዶ እጁ ሽቦ ይነካል፤ እሱ ግን ፈረቃችን ባይሆንም ሳይነቅል አይነካም ነበር። እኔንም ስንት ጊዜ ተቆጥቶኛል።»

እስከዳር የተሰቀለውን ግማሽ በዓይኗ ተከተለችው። ከክፈፉ ወረደ፣ አጥሩን ተሻገረ፣ በጋሼ ደሞዝ ግቢ በኩል ቁልቁል ተንጠለጠለ፤ ሁለቱ ቤቶች አንድ የነበሩበት ጊዜ ትራፊ ነው። ዞራ ሄዳ አየችው። ገመዱ በአቧራና በሸረሪት ድር ተሸፍኗል። ጫፉ ላይ ያለው ስፒና ግን እጅ የነካው፣ ንጹሕ ነበር። ፎቶ አነሳችና ተመለሰች።

ጋሼ ደሞዝ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተቀምጠዋል።

«ጄኔሬተር አለዎት አሉ፣ ጋሼ።»

«አለኝ። የኔ ጄኔሬተር ሲነሣ እስከ ገበያ ያለ ውሻ ይጮኻል። ያን ዕለት ማን ሰማ?»

ማንም አልሰማም፤ እስከዳር አስቀድማ ጠይቃለች።

«ከአቶ ደጅይጥኑ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ተኳርፈን» ብለው አረሟት። «መጣላት ሌላ ነው። የተኳረፈ ሰው ይታረቃል።» ይህን ብለው ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው በላይ ሳቡት።

ሳሉን የዋጠው ሰው ትንሣኤ ነበር፤ የሬዲዮው የመጨረሻ ጋዜጠኛ። ወይዘሮ ሰርካለም ከደጃፍ ሲቆጡ እሱ ከኋላቸው ተቀምጦ ኖሯል።

«እውነት ሦስት ዓመት አልመጣህም?» አለችው እስከዳር።

«ማን ሰው አለን? መኪናው ነዳጅ የለው። ገሃድ ዕለትም ስብሰባ ላይ ተመድቤ ነበር።» ወደ ክፈፉ ቀና አለ። «ያሳዝናል። ያ ሰማያዊ ኮከብ ብቻውን ዜና ነበር።»

«ዜና ነበር» አለች እስከዳር፣ የቆርቆሮውን ኮከብ እያየች። በቀን ብርሃን እንደማንኛውም ቆርቆሮ ግራጫ ነው።

በመጨረሻ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ዘንድ ሄዳ መስቀል ተሳለመች።

«ዋዜማው እንዴት ነበር፣ አባ?»

«ማሕሌቱ ደኅና። ድምፅ ማጉያው ግን አፉን ዘጋ። መብራት በሌለ ቀን በባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚለውጠው ኢንቨርተር ነው የሚሠራ። ሳጥኑን ብንከፍት ባዶ። ጋሼ ደሞዝን ብንጠይቅ ለጥገና ወሰድሁት አሉ። የሰበካ ጉባኤው ንብረት ያዥ እሳቸው ናቸው፤ ቁልፉም በእጃቸው።»

«ለቅዳሴውስ?»

«ለቅዳሴውማ ተመልሶ እንደ ነጎድጓድ ሲጮኽ አደረ። ምን አግኝተሽበት ነው?»

«ሁሉም ከድንኳኑ ቢሰበሰብ ደስ ይለኛል፣ አባ። እርስዎም ቀረብ ይበሉ፤ ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ የእርስዎ ነው።»

ለቀስተኛው ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ከውጭ ነፋሱ ያልወረደውን መብራት ከክፈፉ ጋር ያጋጨዋል፤ ድምፁ በጥፍር በር የሚያንኳኳ ሰው ይመስል ነበር። እያንዳንዱ ሰምቶታል፤ አንድም ቀና ብሎ ያየ የለም።

«አቶ ደጅይጥኑ ራሳቸውን አላጠፉም» አለች እስከዳር። «መብራት ጠብቆ ሊሞት የተነሣ ሰው ስፒናውን ነቅሎ፣ ገመዱን በላስቲክ አያስርም። ያወረደውንም መብራት ለከርሞ ብሎ በጆንያ አይሰበስብም። የበቃቸው የዘንድሮው ነው፤ ዕድሜያቸው አይደለም።»

«ታዲያ ምን ገደለው?» አሉ ቄሱ። «ቤቱ በርቷል። ሰው አይቷል።»

«በርቷል። ፈረቃ መጥቶ ቢሆን ግን ጎረቤት ሁሉ ይበራ ነበር። የበራው ይህ ቤት ብቻ ነው፤ በዚህ በኩል ደግሞ ስፒናው ተነቅሏል። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ የገባው በሌላው ጫፍ ነው። ሌላው ጫፍ አጥሩን ተሻግሮ ይወርዳል። ገመዱ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል፣ ስፒናው ግን ሰሞኑን ተይዟል።»

ዓይን ሁሉ ወደ ጋሼ ደሞዝ ዞረ። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

«ጄኔሬተሩ አልተነሣም፤ ውሻ አልጮኸም። ድምፅ ሳያሰማ ቤት የሚያበራ ነገር በዚህ ሰፈር አንድ ብቻ አለ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ባትሪና ኢንቨርተር። ዋዜማው ላይ ጠፍቶ ለቅዳሴ ተገኘ። በገሃድ ምሽት፣ መብራት በሌለበት፣ የትኛው ጠጋኝ ሱቁን ከፍቶ ነው የጠገነው?»

«ሊገድለው ነው እንዴ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እኔም ለጥቂት እንዲያ አስቤ ነበር። ሊገድል የመጣ ሰው ግን ምስክር አይጠራም። ትንሣኤ፣ ኮከቡ ሰማያዊ መሆኑን ማን ነገረህ? ባለቤቲቱ እንኳ ሲበራ አላዩትም።»

ትንሣኤ ከንፈሩን አራሰ። «ጋሼ ደሞዝ ደወሉልኝ። አንድ አፍታ ብቻ ናልኝ፣ ቤቱን አድምቄ አቆይሃለሁ አሉ። ከስብሰባው ሹልክ ብዬ በባጃጅ መጣሁ። ከታች ኩርባው ላይ ስደርስ በራ። ስልኬን ሳወጣ ጠፋ። የመብራት ነገር ነው ብዬ ተመለስሁ። ስብሰባውን ጥዬ መውጣቴ እንዳይታወቅ ደግሞ…» አልጨረሰውም።

ጋሼ ደሞዝ ጋቢያቸውን ከፊታቸው አወረዱ።

«ሳልታረቅ ጾም መፍታት ከበደኝ» አሉ። «ሽማግሌ ልላክ ብል የምናገረው ጠፋኝ። ሬዲዮው ቢመጣለት፣ ቤቱ ደምቆ ቢያይ፣ ከዚያ ወዲያ ንግግር አያስፈልገንም ብዬ ነው። ዋዜማ የሄደ መስሎኝ ነበር። አጥሩ ይከልላል፤ መሰላል ላይ መሆኑን በምን ልወቅ? ባጃጁን ሳይ ሰካሁት። የወደቀ ነገር ሰማሁ። ነቀልሁት።»

«እሳቸው በዚያች ሰዓት መጋጠሚያውን ፈትተው፣ አንዱን ሽቦ በቀኝ አንዱን በግራ ይዘው ነበር» አለች እስከዳር። «ስፒናቸውን ነቅለዋል፤ ፈረቃም አይደለም። የሚያስፈራቸው ነገር አልነበረም። ይህ ስሕተት ነው፤ ሕግም ስሕተት ይለው ይሆናል። ግን ጋሼ፣ ራሱን አጠፋ ሲባል እዚሁ ተቀምጠው ነበር።»

«ነበርሁ።»

«ሬሳው መሬት አጥቶ ሲያድር።»

«ዝም አልሁ» አሉ።

ቄስ ገብረ ሊባኖስ ተነሡ፤ ጉልበታቸው ቋ አለ። «ካህናቱን ጥሩልኝ» አሉ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ሰርካለም ዞረው፣ ዓይናቸውን ሳይጥሉባቸው፣ «እኔም ቸኩያለሁ። ሬሳው ይምጣ፤ እፈታዋለሁ» አሉ።

ወይዘሮ ሰርካለም አላለቀሱም። ትንሣኤን ነበር የሚያዩት።

«አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ፣ እማማ።»

«ኮከቡንም?»

«ከታች ከኩርባው ይታያል። ከሩቅ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።»

ሴትዮዋ በአገሩ አገውኛ፣ በኽምጣንጋ፣ አንድ ነገር ለራሳቸው አጉረመረሙ፤ እስከዳር ከውስጡ የለየችው የልጁን ስም ብቻ ነው። ነፋሱ ቆመ፤ መብራቱ ግን አንዴ፣ ሁለቴ ክፈፉን መታ።

እስከዳር ጋሼ ደሞዝን ይዛ ልትወጣ ስትል ትንሣኤ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስብሰባ የዘገበ ሰው ዜና ሲያይ እጁ ይቅበጠበጣል።

«እማማ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬ ማታ ሙሉ ዝግጅት እሠራለታለሁ፤ ምስሉንም በፌስቡክ ገጻችን እናወጣዋለን። ለፎቶው ብቻ አንድ አፍታ ቢበራልኝ?»

ወይዘሮ ሰርካለም ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ዛሬ ፈረቃችን አይደለም» አሉት።