መብራት የሄደ ዕለት የተነገረው መጨረሻ

የካሜራው ማቆሚያ ባህር ዛፍ ሥር ተጋድሞ ተገኘ። አንደኛው እግሩ ተሰብሯል። ካሜራው የለም። ነፃነትም የለችም።

ያገኙት ቅዳሜ ንጋት እንጨት ለመልቀም የወጡ ሴቶች ናቸው። ወደ እንጦጦ ማርያም ከሚያወጣው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጭጋጉ ገና ሳይገፈፍ ነበር። አንዷ ብረቱን ለፖሊስ ከሰጠች በኋላ እጇን በቀሚሷ ጠራረገች፤ ደም የነካት ይመስል።

ደም ግን አልነበረም። የነፃነት እናት የማርያምወርቅ ይህንኑ ደጋግማ ጠየቀች። ደም የለም? የለም። የተቀደደ ልብስስ? እሱም የለም። ጅብ ቢሆንስ?

ኢንስፔክተር በዳዳ ቀና ብሎ አያት።

«እናቴ፣ ጅብ ካሜራ አይወስድም» አላት።

ነፃነት ከቤት የወጣችው አርብ ጠዋት ነው። ላነሳ የምፈልገው ጭጋግ አለ ብላ ሄደች፤ አልተመለሰችም። የማርያምወርቅ ያን ሌሊት ያላሰበችው ክፉ ነገር የለም። ገደል ገብታ አየቻት። ወንዝ ወስዷት አየቻት። የሆስፒታሎቹን ስልክ ሁሉ ደውላ ጨረሰች። አንድ ልጇ ናት፤ አባትየው ከሞተ ወዲህ ሌላ ሰው የላትም። ድሮም ልጅቷ ሾላ ገበያ ሄዳ ትንሽ ስትዘገይ በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ እናት ነበረች። ጎረቤት ይስቅባት ነበር። አሁን የሚስቅ የለም።

ኢንስፔክተሩ የልጅቷን ሥራ ጠየቃት። የማርያምወርቅ እንዴት እንደምታስረዳ ቸገራት።

ነፃነት ድምፅ አልባ ፊልሞችን እየፈለገች ለሰው ትመርጣለች። ፊልም መናገር ሳይጀምር የተሠሩትን፣ መቶ ዓመት የሞላቸውን። በቴሌግራም ቻናሏ በየሳምንቱ አንድ ታወጣና ለማን እንደሚሆን ትጽፋለች። «እንቅልፍ ያጣችሁ ይህን እዩ፤ ሌሊቱን ሰማያዊ ቀለም ቀብተውታል፣ ያረጋጋል።» «ከወንድማችሁ የተጣላችሁ አብራችሁ እዩት፤ ፊት ብቻ ነው የሚናገረው፣ ማንም ማንንም አይሰድብም።» ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ጎረቤታቸው ምንያህል በነፃ በሰጣት አዳራሽ ለሰፈሩ ሰው ታሳያለች። በየመሀሉ የሚወጣው ጽሑፍ የውጭ ቋንቋ ስለሆነ ጋሽ ገበየሁ ስክሪኑ አጠገብ ቆመው ይተርካሉ። እሳቸው በደጉ ዘመን ቪዲዮ ቤት ቆመው የፈረንጅ ፊልም በአማርኛ ያስረዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ያልገባቸው ቦታ ላይ ከራሳቸው ይጨምራሉ። ሕዝቡ ያውቃል፤ ይወድላቸዋልም።

«ጠላት አላት?»

የላትም። ግን ማቲዎስ አለ። ቻናሉን አብሯት የሚሠራ ልጅ ነው። ፊልሞቹ ላይ ዘመናዊ ሙዚቃ እንጨምር ሲላት እምቢ አለችው፤ ሐሙስ ዕለት በር ላይ ተጯጩኸዋል። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው።

ኢንስፔክተሩ ስሙን ሁለቴ አሰመረበት።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ፍለጋ ሆነ። ምንያህል መኪናውን አውጥቶ የማርያምወርቅን ይዟት ዞረ። እስከ ማርያም ወጡ፣ ወረዱ። በየመታጠፊያው እያቆመ ጫካው ውስጥ ይጣራል። «እትዬ፣ አይዞሽ፣ የትም አትሄድ» ይላታል። በሩን ራሱ እየከፈተ ይዘጋላታል። እንዲህ የሚያዝን ጎረቤት በመኖሩ አምላኳን አመሰገነች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፃነት ቻናል ላይ ጽሑፍ ወጣ።

«ቤተሰቦች፣ ለትንሽ ጊዜ ሐዋሳ ነኝ፣ አትጨነቁ። እስክመለስ ጎርፍ ያለፈበት መንደር የሚለውን ፊልም እዩ። በጣም ደስ የሚል ነው። ልጅቷን ጎርፍ ይወስዳታል፣ አባትየው ሲፈልግ ቆይቶ ወፍጮ ቤት ውስጥ በሕይወት ያገኛታል። በመጨረሻም ትሞሸራለች።»

ጣቢያው ውስጥ ሁሉም እፎይ አለ። አንዱ ፖሊስ ልጅ ሲያድግ እንዲህ ነው አለ። ኢንስፔክተር በዳዳም ፋይሉን ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

የማርያምወርቅ ግን ስልኩን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ይህን የጻፈችው ልጄ አይደለችም» አለች።

«ስልኳ ነው እናቴ። ቻናሏ ነው።»

«ነፃነት የፊልም መጨረሻ ተናግራ አታውቅም። ለእኔ እንኳ። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ይሞታሉ ወይስ ይተርፋሉ፣ አስቀድመሽ ንገሪኝ እያልኩ እለምናታለሁ። እማ፣ ከነገርኩሽ ምኑን ታዪዋለሽ ነው መልሷ። ስልኳን ሌላ ሰው ይዞታል፤ እሷን የያዛት ሰው።»

በዳዳ የገፋውን ፋይል መልሶ ሳበው።

ፊልሙን የሚያውቅ ሰው ፈለጉ። የማርያምወርቅ አዳራሹ ገብታ አታውቅም፤ የሚያስደነግጥ ነገር አይበታለሁ ብላ። ጋሽ ገበየሁ ተጠሩ። መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን አነበቡ። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ሳይፈቀድላቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ይሄ ፊልሙ አይደለም» አሉ።

«ታዲያ ምንድነው?»

«እኔ ነኝ።»

የማርያምወርቅ ሽማግሌውን አፍጥጣ አየቻቸው። እኚህ ሰው ነፃነትን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቋታል።

«ልጅቷ የት አለች?» አለ በዳዳ። ድምፁ ተለውጧል።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ?»

«ጽሑፉ የእኔ ነው ብለዋል።»

«ጽሑፉ አላልኩም። ወሬው ነው የእኔ።»

ሽማግሌው ላብ በላብ ሆነው አስረዱ። ያን ፊልም ያሳዩ ዕለት ውጪ ከባድ ዝናብ ነበር። አባትየው ልጁን ፍለጋ ወንዙን ተከትሎ ሲሄድ፣ እዚያው ላይ መብራት ጠፋ። ቆዩ፤ አልመጣም። በዝናቡ ምክንያት የሚወጣም የለም። በጨለማው ውስጥ ሰዉ፣ ልጅቷስ፣ ልጅቷስ ይላል። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ገበየሁ አላስቻላቸውም። በጨለማ ቆመው ልጅቷን ወፍጮ ቤት ውስጥ አስገኟት፣ ሞሽረውም ዳሯት። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

«በሳምንቱ ነፃነት ካቆመበት አስነስታ እውነተኛውን አሳየች። ያን ቀን መሳቂያ ሆንኩ። ጋሽ ገበየሁ፣ የሠርጉ ጥሪ ሳይደርሰን ቀረ አሉኝ።»

«እውነተኛው እንዴት ነው የሚያልቀው?»

ጋሽ ገበየሁ ወደ የማርያምወርቅ ተመለከቱና አንገታቸውን ደፉ።

«ይንገሩ» አለች እሷ።

«ሻርፗን ብቻ ነው የሚያገኘው። ቁጥቋጦ ይዞት።»

የማርያምወርቅ ዓይኗን ጨፈነች።

በዳዳ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ይህን የጻፈው ሰው መብራት የሄደ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ በሳምንቱ ግን አልነበረም። በጨለማ ማን እንደነበረ ሽማግሌው አያስታውሱም። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ልጅቷን የሚያውቁትን እያስጠሩ መጠየቅ። ጋሽ ገበየሁ ጥግ ይዘው ትንፍሽ እንዳይሉ ታዘዙ።

መጀመሪያ ማቲዎስ መጣ። ደብረ ብርሃን የአጎቱ ሠርግ ላይ ነበር፤ ወሬውን ሰምቶ በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሯል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስልክህን ለምን ዘጋህ?»

«ተናድጄባት ነበር። ስትደውል እንዳላነሳ ብዬ።» ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ደውላ ይሆን እንዴ?»

«የጎርፉ ፊልም እንዴት ነው የሚያልቀው?»

ልጁ ያበደ ሰው እንደሚያይ አየው። «ሻርፗን አግኝቶ ወንዙ ዳር ይቀመጣል።»

«ሠርግስ የለም?»

«እሱ የጋሽ ገበየሁ ውሸት ነዋ» አለና ሽማግሌውን ጥግ ላይ አያቸው። «ይቅርታ ጋሼ።»

በዳዳ በእጁ አሰናበተው። የማርያምወርቅ ልቧ ይበልጥ ደነገጠ። እሱ ቢሆን ይሻል ነበር። ማቲዎስን ታውቀዋለች፤ ቁጡ ነው እንጂ ጨካኝ አይደለም። አሁን ግን ያ ሰው ማንም ሊሆን ነው።

ምንያህል ሳይጠራ ነው የመጣው። ነዳጅ ሞልቻለሁ፣ እትዬን ይዤ ሐዋሳም ቢሆን እሄዳለሁ አለ። በዳዳ አመሰገነውና እንዲቀመጥ ጋበዘው። ስለ አዳራሹ ጠየቀው፤ ማን ቁልፍ እንዳለው፣ ሰዉ በየት እንደሚገባ። ምንያህል ዘና ብሎ መለሰ።

«እርስዎስ ፊልሞቹን ያያሉ?»

«እኔ ጊዜም የለኝ። አንድ ቀን ዝናብ ይዞኝ ገብቼ ነበር።»

«የቱን አዩ?»

«ያንን የጎርፉን። ጥሩ ነው።»

«እኔ አላየሁትም» አለ በዳዳ። ወረቀቶቹን እያስተካከለ ነው፤ ቀና አላለም። «ልጅቷ ሞተች?»

«ኧረ አልሞተችም። ወፍጮ ቤት ተደብቃ አገኛት። ተሞሸረች እኮ።»

ምንያህል በፈገግታ ዞር ሲል ጋሽ ገበየሁን አየ። ከዚያ የማርያምወርቅን አየ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

የማርያምወርቅ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ትናንት ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ልጇን በወሰደው መኪና ልጇን ስትፈልግ ነው የዋለችው።

«የመኪናዎን ቁልፍ ይስጡኝ» አለ በዳዳ።

የፊት መብራቱ አንደኛው አዲስ ነበር። የኮፈኑ ቀለምም በአንድ በኩል ከሌላው ይደምቃል። ምንያህል መጀመሪያ ካደ። ከዚያ አለቀሰ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ።

በዚያ ዝናባማ ቅዳሜ ነፃነት ከዋናው ፊልም በፊት ራሷ ያነሳችውን ትንሽ ቀረጻ አሳይታ ነበር። ንጋት ላይ የእንጦጦን መንገድ ነው ያነሳችው፤ እንደ ድሮዎቹ ይሁን ብላ ያለ ድምፅ። እንጨት ለቃሚ ሴቶች ሽቅብ ይወጣሉ። አንዷ ወደ ካሜራው ዞራ እየሳቀች የሆነ ነገር ትናገራለች። ከዚያ ጭጋግ ነው። ከቆይታ በኋላ አንድ ነጭ መኪና በምስሉ ዳር ቁልቁል ያልፋል፤ የፊት መብራቱ ተሰብሮ። ሰዉ ሁሉ ጭጋጉን አደነቀ። ምንያህል መኪናውን አወቀ።

የሳቀችው ሴት አዱኛ ትባል ነበር። ከመታጠፊያው በላይ ገጭቷት፣ ሳይወርድ ሄደ። ፖሊስ ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናውን ሲፈልግ ነበር። ነፃነት ግን የቀረጸችውን አላወቀችም። ቀረጻውን አጥፊው ማለት ፈራ፤ ለምን ትለዋለች። አርብ ዕለት ላድርስሽ ብሎ ጫናት። ካሜራውን ነጠቃት። ታገለችው፤ ማቆሚያው ያኔ ነው የተሰበረው። ቀረጻውን ሌላም ቦታ አስቀምጬዋለሁ አለችው። የት እንደሆነ ግን አልነግርህም አለች፤ እስክትናገር ብሎ ዘጋባት። ስልኳን ከፍቶ ያንን ጽሑፍ የጻፈው ጊዜ ለመግዛት ነው። አዳራሹ ውስጥ ያየው ፊልም ደግሞ እሱን ብቻ ነው።

«አሁን የት ናት?» አለ በዳዳ።

እንጦጦ ግርጌ የሚያሠራው ቤት አለ። ዘበኛውን ፈቃድ ሰጥቶ ልኮታል። የሲሚንቶ መጋዘኑ ውስጥ ናት።

«በሕይወት?»

ምንያህል መሬት መሬት አየ። «ከትናንት ወዲህ አልሄድኩም።»

መንገዱ አላልቅ አለ። የማርያምወርቅ የፖሊሱ መኪና ወንበር ላይ ተወጥራ ተቀምጣ ስለ ውሃ ታስብ ነበር። ውሃ ሰጥቷት ይሆን? ስለ ሲሚንቶ አቧራ አሰበች። ነፃነት አቧራ ያሳስላታል። ስለ ሻርፑ ላለማሰብ ታገለች፤ አልቻለችም። ስትወጣ ምን አድርጋ ነበር? ግራጫውን ነው? ያንን ማስታወስ አቃታት፤ ከሁሉ ይልቅ ይህ አስፈራት።

የመጋዘኑ በር ቆርቆሮ ነው። ቁልፉ ሲሰበር ከውስጥ ምንም አልተሰማም። በዳዳ እጁን ዘርግቶ የማርያምወርቅን አስቆማት፣ ቀድሞ ገባ። እሷ ቆጥራ የማትጨርሰውን ያህል ቆመች።

«እናቴ፣ ይግቡ» አላት ከውስጥ።

ነፃነት ከከረጢቶቹ መሀል ተቀምጣ ነበር። ፊቷ በሲሚንቶ ነጥቷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ እጇ ታስሯል። ዓይኗ ግን ተገልጦ ያይ ነበር። እናቷ ላይዋ ላይ ወደቀች። ፊቷን፣ ጆሮዋን፣ አንገቷን ዳበሰች፤ የጎደለ እንዳለ እንደምትፈልግ ሁሉ። ልጅቷ መናገር ስትችል ግን ስለ ራሷ አልጠየቀችም።

«ሴትዮዋስ? ገጨኋት ብሎኛል። ተረፈች?»

የማርያምወርቅ በነዚህ ቀናት ሁሉ ስለ አንዲት ልጅ ብቻ ነበር የፈራችው።

ነፃነት ሲሻላት ለቅሶ ደረሱ። የአዱኛ እናት እንጦጦ ላይ፣ ከዛፎቹ ሥር ባለች የጭቃ ቤት ነው የሚኖሩት። የማርያምወርቅ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ገባች፤ ማን እንደሆኑ ተናገረች። ሴትየዋ እንዲቀመጡ መደብ ጠረጉላቸው። ከልጃቸው የቀራቸው የመታወቂያ ፎቶ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም እንደማይመስላት ነገሯቸው።

ነፃነት ስልኳን ይዛ እናቷን አየቻት። የማርያምወርቅ፣ አይሆንም፣ ሴትየዋ ያማቸዋል፣ አንድ ነገር ይሆናሉ ብላ ፈራች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ አሳዪያቸው ማለቷ ነው።

ልጅቷ ስልኳን ከፍታ በሴትየዋ ጉልበት ላይ አስቀመጠችላቸው። ጭጋጉ መጣ። ሴቶቹ ሽቅብ ወጡ። አዱኛ ዞረች፣ ሳቀች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። መኪናው ሳይመጣ ነፃነት አቆመችው።

«ምን እያለች ነው?» አሉ ሴትየዋ።

«አላውቅም እናቴ። ድምፁን ዘግቼው ነበር።»

ሴትየዋ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። የልጃቸውን ፊት በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ድገሚልኝ» አሉ።

ነፃነት ደገመችላቸው። ደግመው ጠየቋት፤ ደገመችላቸው። የማርያምወርቅ ከኋላ ተቀምጣ የልጇን ቀሚስ ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ያዘች። ውጪ መሽቶ፣ ታክሲ ሊጠፋ ነበር። እንሂድ አላለችም።