አንዱ ደረቅ ቀሚስ

መርማሪዋ የጥንቱን መጠመቂያ ደረጃ ስትወርድ የመጀመሪያ ሐሳቧ ስለ ሟቹ ሳይሆን ስለ ጫማዋ ነበር። አዲስ ጫማ አድርጋ በወጣች ቀን ሥራ ወይ ጭቃ ውስጥ ወይ ውሃ ውስጥ ይጠራታል። መናደዱን እንኳ ከተወችው ቆይታለች።

ቦታው ከዓለት የተፈለፈለ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ተደብቀው ይጸልዩበት ነበር ይባላል። መካከሉ ላይ በመስቀል ቅርጽ የተቆፈረ ገንዳ አለ። በአንድ ወገን በደረጃ ይወረድበታል፣ በሌላው ይወጣበታል፤ ምንጩም እስከ ዛሬ አልነጠፈም። ከገንዳው በስተኋላ የወንዶችና የሴቶች ልብስ መለወጫ ክፍሎች፣ ከወንዶቹ ክፍል ቀጥሎ ደግሞ አንዲት ጠባብ የጸሎት ዋሻ ትገኛለች። መጋቢው በዚያች ዋሻ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ።

ሰውየው በአውቶቡስ ከሩቅ የመጡ ምእመናን መሪ ነበር። ተጓዦቹ ጠዋት የጥንት ክርስቲያኖችን ስፍራ አይተው፣ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያናቸው የምታስተዳድረውን የሕሙማን ቤት ሊጎበኙ አስበው ነበር። አሁን ግን ነጭ ቀሚሳቸውን አውልቀው፣ ጸጉራቸው ሳይደርቅ፣ ፎጣ ተከናንበው ግድግዳው ሥር ተኮልኩለዋል። ሲዘምር ያረፈደ ሰው እንዲህ ዝም ሲል ያስፈራል።

ምክትሏ ፊቱ በርቶ ተቀበላት።

«አለቃ፣ ነገሩ አልቋል።»

«ሳልጀምረው?»

«ቁልፍ ያዡ ናቸው። ትናንት ሰው ገንዳው ውስጥ አይገባም ብለው ከመጋቢው ጋር ተጨቃጭቀዋል። ሬሳውን ያገኙትም እሳቸው ናቸው፤ እጃቸው ላይ ደም አለ። ይህን ደግሞ ይዘዋል።» የክንድ ያህል የረዘመ የብረት ቁልፍ አሳያት። «ሁሉንም ፈትሸናል። ገንዳውንም እስከ ወለሉ ዳስሰናል። ከዚህ ሌላ ሰው የሚገድል ነገር የለም። ዶክተሩም ቁስሉን አይተው በቁልፍ የተመታ ነው ብለዋል።»

«የትኛው ዶክተር?»

«አብረው የመጡት። የሕሙማን ቤቱ ሐኪም ናቸው።»

«የእኛ ሐኪምስ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«እንግዲያው አላለቀም» አለችና ቁልፉን ተቀበለችው።

አዛውንቱ ካቴና የገባበት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መርማሪዋ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ ለምን ነበር የተጨቃጨቃችሁት?»

«ደረጃው ያዳልጣል ልጄ። ሰው ይወድቅብኛል ብዬ ነው። ኋላ ፈቃዳቸውን ከቢሮ አመጡ፣ ከፈትኩላቸው። ማርፈዱ ሲበዛ መጋቢውን ልጠራ ገባሁ፤ ወድቋል። አነሣሁት። ባለቤቴ የአልጋ ቁራኛ ናት። ከኔ በቀር የሚያገላብጣት ሰው የለም። ዛሬ ቤት ካልገባሁ…»

አልጨረሱትም። የመርማሪዋን አንጀት በሉት፤ ቢሆንም አንጀት የበላ ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ ሥራዋ አስተምሯታል። ቁልፉን ለምክትሏ መለሰችና መዳፏን ተመለከተች። የዝገቱ ቡናማ ዱቄት እስከ ጣቶቿ ጫፍ ደርሷል። በመሐረብ ብትጠርገው መሐረቡ ተበላሸ እንጂ እጇ አልጸዳም።

ወደ ዋሻዋ ገባች። ሟቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ማጅራቱ ላይ ጥቂት ደም አለ፤ ምቱ ያደቀቀው ውስጡን ነው። ሸሚዙ ላይም፣ ጸጉሩ ላይም፣ ቁስሉ አጠገብም የዝገት ምልክት የለም። ወለሉን ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። ከገንዳው የወጣ ሰው እዚህ ቢገባ ኖሮ ውሃው ይንጠባጠብ ነበር። በድንጋይ መደርደሪያ ላይ የመጋቢው ነጭ ቀሚስ እንደታጠፈ ተቀምጧል። ከሟቹ ትከሻ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አነሣች፤ የተበጠሰ ወፍራም ነጭ ክር።

«ሸሚዙ አልተተረተረም» አለች ለራሷ።

ሌሎቹ ተጓዦች ገና ከጅምሩ ገንዳውን ከበው ሲዘምሩ እርስ በርስ ይተያዩ ነበር። ዘግይተው ለየብቻ የመጡት አራት ናቸው፤ ረዳት መጋቢው፣ ዶክተሩ፣ ዘማሪዋና የመጋቢው ባለቤት። በየተራ ጠራቻቸው።

ረዳት መጋቢው ወጣት ነው፤ ክራባቱ ከሐዘኑ ይልቅ በደንብ ታስሯል።

«መሪው ሳይመጣ ለምን ጀመራችሁ?»

«ልማዳችን ነው። መጋቢያችን ወደ ውሃ ከመውረዱ በፊት ብቻውን ይጸልያል። በዚያ ሰዓት ማንም አይጠራውም። ከዘገየሁ ጀምሩ ይለን ነበር።»

«የመጋቢነቱን ወንበር ይፈልጉት ነበር ይባላል።»

ጆሮው ቀላ። «እፈልገው ነበር። እንዲህ ግን አይደለም።»

«ውሃው ውስጥ ምን ትሠሩ ነበር?»

«የጥምቀት ቃላችንን እናድስ ነበር። እያንዳንዱ ከመውረዱ በፊት የሚተወውን ነገር ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ቂም፣ ውሸት፣ ያለበትን። ከዚያ እኔ እጁን ይዤ እደግፈዋለሁ።»

«የተለየ ነገር አልነበረም?»

«ሁሉም በሥርዓት ነው ያለፈው» አለ፤ ዐይኑን ግን ሰበረ።

ዶክተሩ ሳትጠይቀው ነው የጀመረው። ድምፁ ለበሽተኛ የሚናገር ሰው ድምፅ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ለስላሳ።

«ድቡልቡል ጫፍ ያለው ከባድ ብረት ነው። ቁልፉን ሳየው ወዲያው ገባኝ። ሽማግሌው ያሳዝናሉ፤ ሰው ሲናደድ…»

«እርስዎ ከመጋቢው ጋር ተጣልተው ያውቃሉ?»

«እኔ? የልብ ወዳጄ ነበር።»

«ውሃው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ምን እተዋለሁ አሉ?»

«ትዕግሥት ማጣቴን» አለ፤ ፈገግ ሊልም ቃጣው።

ዘማሪዋ አልቅሳ አልቅሳ ፊቷ አብጧል። ደግማ ደግማ ‘እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ’ ትላለች።

«ምን አድርገሽ ነው?»

«ሳቅኩ።»

«መቼ?»

«መጋቢያችን እዚያ ወድቆ… እኔ አላወቅሁም። የአንዱ ሰው ቀሚስ ውሃው ላይ እንደ ጃንጥላ ተነፋ፤ ጉልበቱ ወጣ። ሌሎቹ አፍረው ዐይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ግን መዝሙሩ መሐል ሳቄ አመለጠኝ።»

«የማን ቀሚስ?»

«ተዪኝ እባክሽ። የሰው ገላ አይቼ ደግሞ ስሙን ላንሣ?»

መርማሪዋ አልተጫነቻትም። ከዘማሪዋ ስትለይ ግን አፍንጫዋን አሸት አሸት አደረገች። ምክትሏ ይህን ምልክት ያውቀዋል፤ አለቃው ፍንጭ ስታሸት እንዲህ ታደርጋለች።

የመጋቢው ባለቤት የሴቶቹ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ዕንባ አልወጣቸውም። የተጠየቁትን ሁሉ ባጭሩ መለሱ።

«ባለቤትዎ ሰሞኑን የከበደው ነገር ነበር?»

«እንቅልፍ አልነበረውም። ሰው የነገረውን ምስጢር አያወራኝም። ትናንት ግን ‘ነገ ሕሙማን ቤቱ ውስጥ አንዲት ልጅ ስሟ ይመለስላታል፤ በር ላይ እንድትጠብቀን ጠርቻታለሁ’ አለኝ።»

«ማን ናት?»

«ነርስ ናት። አንድ ሕፃን በመርፌ ስሕተት ሞተ፤ በእሷ ተላከከና ተባረረች። ሰው ሰላምታ ነሳት። የቀረውን አላውቅም።»

«ስሕተቱ የእሷ ነው ያለው ማነው?»

«ሐኪሙ ነዋ። ሌላ ማን ይላል?»

 መርማሪዋ ከዚያ ቀሚሶቹን ማን እንደሰፋቸው ጠየቀች።

«እኔ። የሁላችንንም። አንድ ዓይነት ናቸው።»

«ውሃ ውስጥ ሲገቡ አይንሳፈፉም?»

«እንዳይንሳፈፉ ነው እኮ ጫፋቸው ውስጥ እርሳስ ብረት የማደርገው። ዙሪያውን በየኪሱ እሰፋዋለሁ። ሰው እግዚአብሔር ፊት ቆሞ ስለ ጭኑ እንዳይጨነቅ ብዬ ነው።»

ውጪ፣ ገመድ ላይ የተሰጡት ቀሚሶች ገና ይንጠባጠባሉ። መርማሪዋ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው እየዳሰሰች ሄደች። በየጫፋቸው እርሳሱ እኩል እኩል ተራርቆ ተሰፍቷል። አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። የፊቱ ጫፍ ባዶ ነው። ክሩ በውስጥ በኩል ተበጣጥሶ እርሳሱ ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ተጠራቅሟል። ጥጉን በእጇ መዘነችውና ፊቷ ዳመነ።

«ሁሉንም ገንዳው ዙሪያ ሰብስብልኝ» አለችው ምክትሏን።

ተሰበሰቡ። አዛውንቱም ከነካቴናቸው መጡ። መርማሪዋ እርጥቡን ቀሚስ በክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ገንዳው አፍ ላይ ቆመች።

«ከአባባ ልጀምር። ቁልፋቸውን ያዝኩት፤ እጄ ይኸውላችሁ፣ እስከ አሁን አልጸዳም። መጋቢው በዚህ ቢመታ ነጭ ሸሚዙ ላይ ዝገት ይቀር ነበር። የለም። ትናንት የተጨቃጨቁትም ሰው እንዳይወድቅ ፈርተው ነው።»

ምክትሏ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ሁለተኛ፣ ዋሻዋ ደረቅ ናት። ገዳዩ የገባው ወደ ውሃው ሳይወርድ በፊት ነው። ሦስተኛ፣ መምቻው የለም። ሁላችሁም ተፈትሻችኋል፣ ገንዳውም ተዳስሷል። እንግዲህ መምቻው እዚሁ ሁሉም እያየው ያለፈ፣ ማንም ግን መምቻ ነው ብሎ ያልጠረጠረው ነገር መሆን አለበት። ሟቹ ትከሻ ላይ ይህን ክር አገኘሁ። የቀሚሳችሁ ክር ነው።»

ቀሚሱን ጠምዝዛ ጫፉን አንጠለጠለችው። እርሳሱ ከብዶ ወደ ታች ተወጠረ። አንዴ አየር ላይ ወዘወዘችውና የድንጋዩን ግድግዳ መታችበት። ድምፁ ዋሻውን ሞላው። የመጋቢው ባለቤት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«በቀሚሱ ነው የተመታው። ከምቱ ኃይል የተነሣ ስፌቱ ውስጥ ለውስጥ ተበጠሰና እርሳሱ ወደ አንድ ጥግ ሸሸ። ገዳዩ ይህን አላወቀም። ቀሚሱን ለብሶ፣ ደም የነካውን ጫፍ በእጁ ሰብስቦ፣ እናንተ ፊት ወደ ውሃው ወረደ። እዚያ ሲለቀው ደሙ ታጠበ፤ ፊቱ ግን ክብደት ስላልነበረው ተንሳፈፈ።» ወደ ረዳት መጋቢው ዞረች። «ሁሉም በሥርዓት ነው ያለፈው ብለውኝ ነበር።»

 «ሰውን ማዋረድ መስሎኝ ነው የደበቅሁት። ጫፉን በእጄ ወደ ታች ይዤለት ነበር።»

«ለማን?»

 ዶክተሩ ቀደመው።

«ቀሚሶቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ገመድ ላይ የተሰጣ እርጥብ ጨርቅ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«ዶክተር» አለች ዘማሪዋ ቀስ ብላ፤ ወለሉን እያየች ነው። «የሳቅኩት በእርስዎ ነው።»

ረዳት መጋቢውም አንገቱን ደፋ። «የያዝኩትም የእሳቸውን ነው።»



«የሕፃኑን መርፌ የወጉት እርስዎ ነዎት» አለች መርማሪዋ። «መጋቢው የነርሷን ንጽሕና ያወቀው እርስዎ ስለተናዘዙለት ነው። እሱ ደግሞ ዛሬ ነርሷ ፊት እንዲናገሩ ነገረዎት። ያን ጊዜ ነርሷ ላይ አላከኩ፤ ዛሬ ደግሞ ገና ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ቁልፍ ያዡ ላይ።»

ዶክተሩ መጀመሪያ ሊክድ አፉን ከፈተ። ከዚያ ትከሻው ወረደና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ።

«ቀሚሱን ይዤ ነበር» አለ። ያ ለስላሳ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። «‘ውሸትህን ሳትናገር ይህን አትለብስም’ አለኝ። ከእጄ ሊወስደው ያዘው። ነጠቅሁት። እጄ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነበር… ሊጸልይ ጀርባውን ሰጠኝ።»

ካቴናው ከአዛውንቱ እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ላይ ገባ። ምክትሉ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲንተባተብ አዛውንቱ በእጃቸው ከለከሉት።

«ኋላ ትነግረኛለህ ልጄ። አሁን በሩን ልዝጋና ወደ ሚስቴ ልሂድ።»

ምእመናኑ አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው ወደየት እንደሚሄዱ የሚናገር ጠፋ። ረዳት መጋቢው ጉብኝቱ ይሰረዝ አለ። የመጋቢው ባለቤት ወደ ዋሻዋ ተመልሰው ነበር፤ የባላቸውን ደረቅ ቀሚስ እንደታጠፈ ታቅፈው መጡ።

«አይሰረዝም። ሰው ቀጥረናል» አሉ።

መርማሪዋ የነርሷን ቃል መቀበል ስለነበረባት አብራ ሄደች። የሕሙማን ቤቱ በር ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። አውቶቡሱ ሲቆምና የምታውቃቸው ፊቶች ሲወርዱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ለምን እንደተጠራች አታውቅም፤ የለመደችው ስድብ ነው።

የመጋቢው ባለቤት ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። መሸሽም መቅረብም አቅቷት የቆመችውን ሴት ቀና ብለው አዩአትና፣ ከኋላቸው ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ባለቤቴ ሊነግርሽ እየመጣ ነበር።»

ከዚያ ነው ዕንባቸው የመጣው።