ጭሱ ገደሉን ሲወጣ

«ነፋሱ ከየት ነው?» አለ ሹፌሩ።

«ከገደሉ ሥር።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነበር። እሌኒ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ለቆመው አይሱዙ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ለያርጋል፣ የታጠቡ ሸሚዞች ጥቅል አቀበለችው። ያርጋል የስለላ መሥሪያ ቤቷ መልእክተኛ ነው፤ እሷን የሚያውቃት ግን ዓለምዬ የምትባል፣ በቡይት ራስ ሎጅ ልብስ የምታጥብ ተላላኪ አድርጎ ነው።

ልታቀብለው የመጣችው ፍላሽ በሻሿ ሥር፣ ሹሩባዋ ውስጥ ነበር። ልታወጣው እጇን ወደ ሹሩባዋ ሰደደች።

«ሚናስ አላስቸገረሽም አይደል?» አለ ያርጋል እየሳቀ።

እጇ ሻሿን አስተካክሎ ተመለሰ።

ሚናስ ብላ ለማንም ተናግራ አታውቅም። በሪፖርቷ ሁሉ ፍላሹን የሰጣት ሰው የሚስጥር ስሙ «ጭላት» ነበር።

ያርጋል ከድቷል።

ሚናስ የከሰል ኃይል ማመንጫ የሚሠራ ኩባንያ መሐንዲስ ነው። ከሊማሊሞ ግርጌ ሊሠራ የታሰበው ማመንጫ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ በኮምፒውተር ያሰላል። ኩባንያው ለመንግሥት የሚያቀርበው ስሌት በሩቅ ሜዳ ላይ በተለካ ነፋስ የተሠራ ነው፤ በዚያ ስሌት ጭሱ በረሃው ላይ ይጠፋል። በእውነተኛው ስሌት ግን ቀን ቀን ገደሉን ይወጣል፣ ማታ ደባርቅ ላይ ይተኛል። ሚናስ እውነተኛውን በፍላሽ ሲሰጣት «ልጄ እዚያ ነው የምትማረው» ብሏት ነበር።

ከመኪናው ሸራ ሥር ሁለት የኩባንያው ሰዎች ዘለው ወረዱ። አንዱ ክንዷን ጠምዝዞ ገደሉ አፋፍ ላይ አቆማት። ሌላው ሸሚዞቹን አራገፈ፣ ኪሷን በረበረ።

«ፍላሹስ?»

ጠጠር ከእግሯ ሥር ተንሸራቶ ወረደ።

«ዛሬ አልሰጠኝም ጌታዬ! ራሴ አደርሰዋለሁ ብሎ ያዘው። ሳንቃ በር ካምፕ ነው ያለው። ስለ እናታችሁ!»

እንባዋ እውነት ነበር። ቃሏ አልነበረም፤ ከቃሏ እውነት የነበረው የሚናስ መገኛ ብቻ ነው።

ከታች አውቶቡስ ጥሩንባውን እየነፋ ብቅ አለ።

«ተዋት፤ ይቺ ከሳሙና ሌላ ምን ታውቃለች?» አለ ያርጋል።

መኪናው አቧራውን እያስነሳ ወደ ሳንቃ በር ከነፈ። እሌኒ አውቶቡሱን አስቁማ ተሳፈረች።

ሚናስን ብታስጠነቅቀው ይሸሻል። ከሸሸ ውሸቷ ይታወቃል፤ አለቃዋ የሚጠብቃት ዳባት ሳትደርስ መንገዱን ይዘጉባታል።

አልደወለችም።

አውቶቡሱ ደባርቅ ላይ ሰው ልሙላ ብሎ ቆየ። ገና ከከተማው ሳይወጣ ስልኳ ጠራ፤ ሚናስ ነበር።

«ዓለምዬ፣ አንድ አይሱዙ መጥቷል። ሰዎቹ የፓርኩን ጠባቂዎች፣ ስካውቶቹን፣ ስለ እኔ በስሜ እየጠየቁ ነው። ልጥፋ?»

«የእኛ ሰዎች ናቸው» አለች። «ጠብቃቸው።»

«እፎይ! እኔማ ልሮጥ ነበር!» ሳቀ። «እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ።»

ሲሟን አውጥታ በመስኮት ጣለችው።

ዳባት ውስጥ አለቃዋ ፍቅረ ሥላሴ በአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ላፕቶፑን ከፍቶ ጠበቃት። ፍላሹን ሰካ። ካርታው ላይ ቀይ ጭስ ገደሉን ወጣ፣ ደባርቅን ሸፈነ።

«ነገ ለመንግሥት ይቀርባል። ማመንጫው እዚህ አይሠራም» አለ።

ስልኩ ጮኸ። አዳመጠና ዘጋ።

«ስካውቶች ከገደል ሥር ሬሳ አግኝተዋል።»

«ቀብሩ ላይ...»

«አትሄጂም። የኩባንያው ሰዎች ለቅሶ ቤቱን ይጠብቁታል።»

«ልጁን ማን ይነግራታል?»

ፍቅረ ሥላሴ ላፕቶፑን አጠፈ። «ከአሁን ጀምሮ ስምሽ ሸጊቱ ነው።»

ወደ ጎንደር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት አሮጊት አጠገቧ ተቀመጡ።

«ከደባርቅ ነው የምመጣ። አየሩ እንዲያው በሽታ ሲያድን! ደባርቅን ታውቂዋለሽ፣ ልጄ?»

«አላውቀውም፣ እማማ።»