ቁጢጥና ከባዱ ፓወር ሰፕላይ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ይህች ልጅ ወንበር ላይ ደልደል ብላ መቀመጥ አታውቅም። እግሮቿን ሰብስባ፣ ጉልበቷን አገጯ ሥር አድርጋ ቁጢጥ ትላለች። ስለዚህ ቤተሰቡም ጎረቤቱም "ቁጢጥ" ይላታል። የምትኖረው ከእናቷና ከታላቅ ወንድሟ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። በአንደኛው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ።

ይህ ኮምፒውተር ሲነሳ ያቃስታል። ትንሽ ሲሠራ ያለከልካል። እናታቸው ልብስ ንጽሕና ቤት ቆማ ስትተኩስ ነው የምትውለው። ማታ ስትገባ ድምፁን ትሰማና "ይሄስ ከእኔ ወገብ ባሰ" ትላለች።

ግን ልጆች፣ በዚያ አሮጌ ሳጥን ውስጥ ምን እንደነበረ ታውቃላችሁ? ከተማ! ቁጢጥና ወንድሟ ጡብ በጡብ እየደረደሩ ከተማ የሚገነቡበት ጨዋታ ነበራቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ገንብተዋል። ወደብ ሠርተዋል፣ ድልድይ ሠርተዋል፣ ማንም የማይታከምበት ሆስፒታል ሳይቀር ሠርተዋል። ያ ሁሉ የተቀመጠው ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ቅጂ የለውም።

አንድ ነገር ግን ያበሳጫቸው ነበር። ኮምፒውተሩ አቅም ስለሌለው ሩቁን አያሳይም። ከጥቂት ቤቶች ወዲያ ያለው ሁሉ ነጭ ጉም ነው። ወደቡ ጋ ከቆሙ ድልድዩ አይታይም፤ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ወደቡ ይጠፋል። የገዛ ከተማቸውን ሙሉውን አይተውት አያውቁም።

አንድ ቀን ወንድሟ ከብስክሌት ወድቆ እግሩ ተሰበረ። እግሩ በጀሶ ታሰረ፣ ከአልጋ አትነሳ ተባለ። እናቱ እያለቀሰችም እየተቆጣችም "ይህ ብስክሌት ከእኔ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አያድርም!" አለች። ብስክሌቱ በማግስቱ ተሸጠ። ገንዘቡን ለልጇ ሰጠችው።

"ተኝተህ የምትጫወትበትን አድስበት" አለችው። "ከዚህ ሌላ ግን የለኝም። አልቆ፣ ጎድሎ፣ ረስቼ ብሎ ነገር የለም።"

በሰፈሩ ኮምፒውተር የሚጠግኑ አንዲት ሴት ነበሩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ሲፈልጉ ስለሚውሉ "እትዬ መነጽር" ይባላሉ። ሊያዩላቸው ቤት ድረስ መጡ። የሳጥኑን ጎን በመፍቻ ፈተው ከፈቱት። ቁጢጥ የኮምፒውተር ሆድ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ከጥፍር የማይበልጡ ነገሮች እንደ ቤት ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ከክር የቀጠኑ መንገዶች ይሄዳሉ።

"ውይ! ይሄም ከተማ ነው እንዴ?" አለች።

እትዬ መነጽር ሳቁ። "ከተማ ነው እንጂ። በይ ያለንን እናብቃቃው። አንጎሉ ገና ይሠራል፣ አንነካውም። የሥራ ማስታወሻውን፣ ራም የሚሉትን፣ እንጨምርለታለን። ምስሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ያገለገለ ይሁን። ያገለገለ ማለት የሞተ ማለት አይደለም፤ እኔም ያገለገልኩ ነኝ። ፓወር ሰፕላዩ ግን አዲስና ደህና መሆን አለበት። እሱ ላይ አንቆጥብም።"

"እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል?" አለች ቁጢጥ። ጥግ ላይ ተሸጉጦ የተቀመጠ ግራጫ ሳጥን ነው፤ ለዓይን አይስብም።

"መብራቱን ከግድግዳው ተቀብሎ ለሁሉም የሚያካፍል እሱ ነው። ስሚኝ የኔ ልጅ፤ መጥፎ ፓወር ሰፕላይ ብቻውን አይሞትም። ካርዱንም ዲስኩንም ይዞ ነው የሚሞተው።"

"ጥሩው በምን ይታወቃል?"

"አንዱ ምልክት ክብደቱ ነው። እጅሽ ላይ አድርገሽ መዝኚው፤ ከቀለለሽ ተይው። ከሁሉ በላይ ግን ከጻፍኩልሽ ስም እንዳትወጪ።" የሚገዛውን በአሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፉላት።

ወንድሟ መሄድ ስለማይችል የምትገዛው ቁጢጥ ሆነች። ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጣትና "እግሬም እጄም አንቺ ነሽ" አላት።

ቁጢጥ ገበያ አዳራሹ ገባች። ራሙን ገዛች። ያገለገለውን ካርድ ገዛች። ከዚያ ሦስተኛው ሱቅ በር ላይ ስትደርስ እግሯ አልንቀሳቀስ አለ።

ግድግዳው በሙሉ ያበራል! ኮምፒውተር የሚያቀዘቅዙ ትንንሽ ፋኖች እየተሽከረከሩ ቀይ ይሆናሉ፣ ሰማያዊ ይሆናሉ፣ ደግሞ ወይን ጠጅ ይሆናሉ። የቱን አይታ የቱን ትተው? የዓይን አዋጅ ሆነባት። አፏን ከፍታ ቀረች።

"ሁለቱን ፋን ውሰጂ" አላት ሻጩ።

"ገንዘቤ አይበቃም። ፓወር ሰፕላይ ነው የምገዛው" ብላ ወረቀቱን አሳየችው።

ሻጩ ወረቀቱን አየና አንድ ሌላ ሳጥን አወጣ። "ይሄ ረከስ ይላል፤ ከወሰድሽው በሚተርፍሽ ሁለቱን ፋኖች ትገዢያለሽ። ያም ፓወር ነው፣ ይሄም ፓወር ነው። ውስጡን ማን ያያል?"

ቁጢጥ ሳጥኑን እጇ ላይ አድርጋ መዘነችው። ከባድ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውንም አንስታ መዘነች፤ እንዲያውም ይሄኛው ይከብዳል! "እትዬ መነጽር ከባድ ይሁን አይደል ያሉት?" አለች ለራሷ። ከጻፍኩልሽ እንዳትወጪ ያሏትን ታስታውሳለች። ግን ያንን ላለማሰብ ቶሎ ብላ ገንዘቡን ሰጠች። ማንም አላየኝም አለች። እውነት ማንም አላያትም ልጆች? እስቲ እናንተ መልሱ።

ቤት ስትደርስ ወንድሟ ፋኖቹን አየና ዓይኑ ፈጠጠ። "ይሄ ከየት መጣ?"

"ሻጩ... መረቀልኝ። ምርቃት ነው።"

"ፋን ይመረቃል እንዴ? አንቺ ዕድለኛ! ፓወሩ እትዬ መነጽር የጻፉት ነው አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

"እሺ" አለ። ካርቶኑን አምጪ አላላትም፣ አሳዪኝ አላላትም። ካልሽ አልሽ ነው ማለቱ ነው። ቁጢጥ ግን ስሙ የተጻፈበትን ጎን ወደ ታች አድርጋ ነው የገጠመችው። አያችሁ፣ አንዱ ውሸት ሁለተኛውን ወንድሙን ጠራ።

እሱ ከአልጋው እየነገራት፣ እሷ እየገጠመች አበቁ። መብራቱን ሰካች። ቁልፉን ተጫነች። ሳጥኑ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በወይን ጠጅ ተጥለቀለቀ። ጣሪያው ሳይቀር ቀለም ተቀባ። እናታቸው ሳሙና ባረጠበው እጇ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። "ኧረ በስመ አብ!" አለችና እጇን ሳታደርቅ አፏን ያዘች። ወንድሟ ከአልጋው ቀና ብሎ ያያል። ቁጢጥም ታያለች፤ ግን ዓይኗ ከፓወር ሰፕላዩ አልነቀል አለ።

እናቷ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ወንድሟ "በይ እንግዲህ ከተማችንን ክፈቺው" አላት። "ቁጢጥ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ገንዘቡን ስሰጥሽ ፈርቼ ነበር። አሁን ግን ራሴም ብሄድ እንዳንቺ አልገዛም ነበር።"

ይኼኔ አንድ ሽታ መጣ። ጥቂት ናት፤ የጋለ ፕላስቲክ ትሸታለች። ወንድሟ አልሸተተውም፤ ለቁጢጥ ግን አፍንጫዋ ሥር ናት። "ብቻውን አይሞትም" ያሏት ትዝ አላት። ብትናገር ታፍራለች፤ ዝም ብትል ወደቡም ድልድዩም ሦስቱ ዓመትም ይቃጠላል። ውስጧ አንድ ነገር "ካፈርኩ አይመልሰኝ በይ፣ ዝም በይ" ይላታል።

"እግዚአብሔር ሆይ!" አለችና ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለችው።

ቀለሙ ሁሉ ጠፋ። ፋኖቹ ትንሽ ዞረው ቆሙ።

"ምን ሆንሽ?" አለ ወንድሟ።

"ምርቃት አልነበረም ጋሼ። ፓወሩም የተጻፈው አይደለም። ለመብራቱ ብዬ ነው። ዋሸሁህ።"

ወንድሟ አልጮኸባትም። ቢጮኽ ይሻላት ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቷ ስትሰማ ራሷን ነቀነቀችና "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቁጢጥ ከልቧ አለቀሰች።

በማግስቱ ፓወር ሰፕላዩን ታቅፋ እትዬ መነጽር ዘንድ ሄደች። ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸው ቡሎኖቹን ፈቱ። ልጆች፣ እናንተ ግን ይህን በፍጹም እንዳትሞክሩት፤ ከሶኬት ቢነቀልም ውስጡ መብራት ይዞ ይቆያል፣ ይገድላል። እሳቸው የሥራቸውን ያውቁታል።

ክዳኑ ሲነሳ ቁጢጥ አጎንብሳ አየች። ውስጡ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጥቂት ሽቦዎች አሉ፤ አንደኛዋ ጠቁራለች። ከሥሩ ደግሞ አንድ ጡብ የሚያህል ሲሚንቶ ተለጥፏል።

"ሲሚንቶ!" አለች ቁጢጥ።

"ሲሚንቶ" አሉ እትዬ መነጽር። "እኔ ክብደቱን እዪ ብዬ አስተማርኩሽ። ለካ አታላዮቹም ተምረውታል።" የጠቆረችውን ሽቦ በጣታቸው ነኩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስንት ደቂቃ ሠራ?"

"አሥር ቢሆን ነው።"

"ሌላ አሥር ደቂቃ ብታቆዪው ዲስኩ አይተርፍም ነበር። ልጄ፣ እግዚአብሔር ይወድሻል፤ በሰዓቱ አፍሽን ከፈተልሽ።"

ከዚያ የሚያሳፍረው መንገድ መጣ። ሱቁ ድረስ ብቻዋን ሄደች። ሻጩ ፋኖቹን መልሶ ተቀበላት፤ ገንዘባቸውንም ሰጣት። ፓወሩን ግን "ተፈቷል" ብሎ እምቢ አለ። ገንዘቡ ጎደለ። ከእናቷ እንዳትጠይቅ፣ አፏ አልታዘዝ አለ። ስለዚህ እትዬ መነጽርን ሥራ ለመነቻቸው። ስድስት ቅዳሜ እዚያ ሄዳ፣ የሰው ኮምፒውተር ከፍተው ሲሰጧት በብሩሽ አቧራ ጠረገች። የማታስነጥስበት ቀን አልነበረም። አንዱ ሳጥን ውስጥ የሞተ በረሮ ስታገኝ ጩኸቷ መንገድ ድረስ ተሰማ።

በስድስተኛው ቅዳሜ ትክክለኛውን ፓወር ሰፕላይ ገዝታ መጣች። የወንድሟ ጀሶ ተፈትቷል፤ በዱላ እየተደገፈ ይራመዳል። ቁጢጥ ካርቶኑን፣ ደረሰኙን፣ የእትዬ መነጽርን ወረቀት፣ ሁሉንም ፊቱ ደረደረችለት። "ስሙን አንብበው ጋሼ። ከወረቀቱ ጋር አስተያየው።"

ወንድሟ ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰላት። "አንቺ አይተሽዋል አይደል? በቃኝ። ግጠሚው።"

ልጆች፣ ይህን ስትሰማ ፊቷን ብታዩት! መፍቻውን ስትይዝ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ነበር።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀለም የለ፣ ብልጭታ የለ። ዝም ያለ ግራጫ ሳጥን ነው። ከተማውን ከፈቱ። ወንድሟ አንድ ቁጥር ቀየረ፤ ሩቁን አሳየኝ ማለቱ ነው። ከዚያ ጉሙ ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። መጀመሪያ ወደቡ ታየ። ድልድዩ ታየ። ከድልድዩ ወዲያ ኮረብታው፣ ከኮረብታው ወዲያ የረሷቸው ሰፈሮች፣ ከእነሱም ወዲያ ባሕሩ ሰማይ እስኪነካ ድረስ ተዘረጋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት እንዲህ ነው። ቁጢጥ ወንበሩ ላይ ቁጢጥ ማለቷን ረስታ ቆማ ነበር።

"ውይ ግንቡን እየው!" አለች በመጨረሻ። ቀጥ ያለ የመሰላቸው ትልቁ ግንብ እንደ እባብ ተጠማዟል። ሁለቱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

እናታቸው ሳቁን ሰምታ መጣች። ስክሪኑን አየች። ቀረብ አለች። በጣቷ መንገዱን ተከትላ እስከ ባሕሩ ሄደች። "ይሄን ሁሉ... እናንተ ናችሁ የሠራችሁት?" አለች በሹክሹክታ።

"እኔና እሷ ነን የሠራነው" አለ ወንድሟ። "ያዳነችው ግን እሷ ናት።"

"ላቃጥለው የነበርኩትም እኔ ነኝ" አለች ቁጢጥ አንገቷን ደፍታ።

"አውቃለሁ" አለ ወንድሟ፤ እጁንም ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሰው በማያየው ቦታም እውነተኞች ሁኑ፤ ከተሳሳታችሁ ደግሞ ነገሩ ሳይቃጠል፣ እያፈራችሁም ቢሆን፣ ቶሎ ተናገሩ።