ወልደ ገብርኤል ብዬ የጠራሁ ዕለት

እኔ በጥላ የምበረግግ ሰው አይደለሁም፤ መምህር ሳይኖረኝ ፊደል ለይቼ፣ ግእዙን ራሴ ለራሴ አስተምሬ፣ የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ እየገጠምሁ ያረጀሁ ነኝ፣ ጋኔን አየን የሚሉኝንም ሁሉ ዓይናችሁን ታጠቡ እያልሁ ስመልስ ነው የኖርሁት፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ ይኼን ስትሰማ ሽማግሌው ጃጀ እንዳትለኝ።

አምና ሐምሌ፣ ጉሙ ደጃፍ ድረስ በወረደበት ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቴ ደሴ እየሮጠ መጥቶ ትንሹ ልጁ አዲሱ በትኩሳት እየነደደ ይንፈራገጣል አለኝ። የቀበሌው ጤና ኬላ ከተዘጋ ከርሟል፣ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ እንዳያደርሱት ወንዙ ሞልቶ ዛፍ እየነቀለ ይወርዳል፣ ስልኩ ኔትወርክ የለውም፣ ቄሱም ከወንዙ ማዶ ቀርተዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ደግሞ እመነኝ፣ ከቄሱ ይልቅ ሳልደናቀፍ የማነበው እኔ ነኝ፣ እሳቸውም ያውቁታል።

የጸሎት መጽሐፌን በላስቲክ ጠቅልዬ ሄድሁ። ልጁ መደብ ላይ ጥርሱን ያፋጫል፣ የዓይኑ ብሌን ተሰውሯል፣ እናቱ ውባለም ትከሻውን ተጭና ይዛዋለች። ጸሎቱ ‹እገሌ› የሚል ቦታ አለው፣ እዚያ ላይ የታማሚው የክርስትና ስም ይገባል፣ ያለዚያ ለማን እንደሚጸለይ አይታወቅም። ስሙን ጠየቅኋት።

«ወልደ ገብርኤል» አለችኝ።

ወልደ ገብርኤል ተነሥ፣ ወደ እናትህ ተመለስ የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ መቼም ድምፄ ያምራል። መዝጊያው ከታች በኩል ተጫረ። ውሻ ነው ብዬ ደገምሁት፣ ተንኳኳ። ስሠልሰው ግን በሩ በኃይል ተደበደበ፣ መወርወሪያው ተሰነጠቀ፣ ከግድግዳው ጭቃ እየተገመሰ ወረደ፣ ጥግ የታሰረችው ጥጃ ገመዷን በጥሳ ምድጃውን ረግጣ እሳቱን በተነችው። ደሴ ጅብ መስሎት መጥረቢያ አነሣ።

ያኔ ውባለም መጽሐፌን በእጇ ከደነችው። «አያ ጫኔ፣ ይብቃዎት፣ አያንብቡ። ተሳስቻለሁ። ይኼ ወልደ ሚካኤል ነው፣ ወልደ ገብርኤልስ መልካሙ ነው።»

መልካሙ ካቻምና በኩፍኝ የሞተው የአዲሱ ታላቅ ነው፣ መቃብሩን የቆፈርሁት በእነዚህ እጆቼ ነው።

በተሰነጠቀው በር አፈር የለበሱ ትንንሽ ጣቶች ሲገቡ አየሁ። ደሴ ይያቸው አይያቸው አላውቅም፣ መጥረቢያውን በሩ ላይ አሳረፈው። ውጭ ልጅ ጮኸ፣ በዚያው ቅጽበት አዲሱ ከመደቡ ላይ ጮኾ ተቀመጠ፣ ትከሻው ተከፍቶ ደሙ የእናቱን ፊት መታ። እመነኝ፣ መጥረቢያው ገና በሩ ላይ እንደ ተሰካ ነበር፣ ልጁን ማንም አልነካውም። ደሴ ዘሎ ወጣ፣ ጉምና ጭቃ ብቻ፣ አንዲት ዱካ የለም።

ውባለም ቀሚሷን ቀዳ ቁስሉን አሰረች፣ ትኩሳቱም ለቀቀው። እኔ ሥራዬን በጎደሎ የምተው ሰው ስላልሆንሁ በትክክለኛው ስም፣ ወልደ ሚካኤል ብዬ እንደ ገና አነበብሁ፣ ልጁ ግን ሌላ ሰው የጠራሁ ይመስል ወደ በሩ ዞሮ አየ።

ወንዙ ሲጎድል ጤና ጣቢያ ወሰዱት፣ ቁስሉን የሰፋለት ባለሙያ የመጥረቢያ ምት ነው፣ ልጅህን እንዴት ብትጨክንበት ነው ብሎ ደሴ ላይ ጮኸበት።

ልጁ አሁን ደኅና ነው፣ ይበላል፣ ይሮጣል። አዲሱ ሲሉት ግን አይዞርም። ደሴ እርሻ ሲወርድ ውባለም ቀስ ብላ መልካሙ ትለዋለች፣ እየሳቀ ይመጣላታል፣ እሷም አቅፋው ታለቅሳለች። አንድ ቀን አጥር ሥር አግኝቶኝ ትከሻውን እያከከ፣ «አያ ጫኔ፣ ጠርተውኝ መጥቼ ለምን አስመቱኝ?» አለኝ። በአጥሩ ዞሬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ይኼስ ይሁን። ግን ጉም በወረደ ቁጥር የእኔን መዝጊያ ከታች በኩል የሚጭር ነገር አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ፈራ ልጅ። ወልደ ሚካኤል ብዬ ልጥራው ወይስ ዝም ልበል፣ እስካሁን አልወሰንሁም።